የብሩክሊኑ የሳይክል መስመር ጠብ፦ ጠይቁኝ

ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ በሳይክል የምመላለስ ሰው ነኝ። ኒውዮርክ ብሩክሊን ውስጥ አይሁዶች የሳይክል መስመር ተቃወሙ የሚለውን ዜና ለዓመታት ስከታተል ቆይቻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እውነት በሴቶች አለባበስ ነው የተጣሉት?

መልስ፦ እሱም አለበት። ዊልያምስበርግ በሚባለው የብሩክሊን ሰፈር የሚኖሩት ሐሲዲክ የሚባሉት ሃይማኖት አጥባቂ አይሁዶች በአለባበስ ጥብቅ ናቸው። በ2008 ከሰፈሩ ሰዎች አንዳንዶቹ ቁምጣ ለብሰው በሳይክል የሚያልፉ ሴቶች እንደሚረብሿቸው ሳይደብቁ ተናገሩ። ጋዜጦቹ ያቺን አፈፍ አደረጓት። ግን ሌላም ብለው ነበር። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ልጆች የሚያወርደው እዚያው ጎዳና ላይ ነው። መኪና ማቆሚያም ችግር ነው። የአውቶቡስ ነገር ግን ማንን ያስነብባል? እውነቱን ለመናገር እኔም አርታኢ ብሆን ቁምጣውን ነበር የማስቀድመው።

ጥያቄ፦ መጨረሻው ምን ሆነ?

መልስ፦ በ2009 ዲሴምበር ከተማው እዚያው ሰፈር ቤድፎርድ ጎዳና ላይ 14 ብሎክ (ብሎክ ማለት ከመስቀለኛ እስከ መስቀለኛ ነው) የሚሆን መስመር ፋቀ። ከንቲባ ብሉምበርግ ለሦስተኛ ጊዜ ከተመረጡ ገና ወር ቢሆነው ነው። «የምርጫ ውለታ ነው» ተብሎ ተወራ። ከተማው ደግሞ ኬንት ጎዳና ላይ ሌላ መስመር አለላችሁ አለ። ሳይክለኞቹ አልዋጥ አላቸው። በሌሊት ቀለምና ሮለር ይዘው ወጡና መልሰው ቀቡት። የማኅበረሰቡ ሰፈር ጠባቂዎች ደረሱባቸው፤ ፖሊስ ተጠራ።

ጥያቄ፦ በቅርቡም ተነስቶ የለ?

መልስ፦ አዎ፣ እዚያው ቤድፎርድ፣ ግን ሌላ ክፍሉ ላይ። በ2024 መስመሩ በእግረኛ መንገዱና በቆሙ መኪኖች መሃል ተሠራ። ለሳይክለኛው ይሻላል፤ መኪና አይደርስበትም። ከመኪና ዘሎ የሚወርድ ሕፃን ግን እግሩ የሚያርፈው ሳይክል መንገድ ላይ ነው። ልጆች ሲገጩ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ። በ2025 ከንቲባ ኤሪክ አዳምስ ሦስት ብሎኩን ወደ ድሮው፣ ከቆሙ መኪኖች ውጭ ወዳለው የቀለም መስመር አስመለሱት። ስለ ልብስ የተነሳ ነገር ብዙም የለም። ርዕሶቹ ግን ያው «ሐሲዲክና ሳይክለኛ» ናቸው።

ጥያቄ፦ የአይሁዶች ብቻ ነው?

መልስ፦ ኧረ! በ2015 ዋሽንግተን ዲሲ አንድ ቤተ ክርስቲያን የሳይክል መስመር የእምነት ነፃነቴን ይነካል ብሎ በጠበቃ ደብዳቤ ጽፏል። ውስጡ ሲገባ የምእመናን መኪና ማቆሚያ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ ቢሆንስ?

መልስ፦ አንድ እሁድ ጠዋት ፒያሳ ጊዮርጊስ አጠገብ ደረስኩ። መስመሩ ነጠላ በነጠላ ሆኗል። ጧፍ ሻጯም ዕቃዋን እዚያው ዘርግታለች። ቃጭሌን መታሁ። አንዲት እናት ዞር ብለው «ልጄ፣ ሕዝቡ እስኪያልፍ ወረድ በል» አሉኝ። ወረድኩና እየገፋሁ አለፍኩ። የቸኮለ ጋዜጠኛ ቢያየን «ምእመናን ሳይክለኛ አስቆሙ» ብሎ ይጽፈው ነበር። ሴትየዋ ግን ስለ ሳይክል ሐሳብም የላቸው፤ እግራቸውን እንዳልነዳባቸው ነው።

ጥያቄ፦ አንተስ ቁምጣ ትለብሳለህ?

መልስ፦ ሱሪ። የቀኝ እግሩን ካልሲ ውስጥ እከተዋለሁ፤ የሰንሰለት ግራሶ በሳሙና አይለቅም።