ፓሪስ ለስልጠና ስሄድ አንድ ቀን ለድንጋይ መስረቅ ይቻላል?

ሰላም ጋሼ፣ እንደምን አሉ? አምድዎን ሁሌ ነው የማነበው፣ ዛሬ እኔም ልጠይቅ ብዬ ነው። የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው፣ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሰራው። መስሪያ ቤቴ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ፓሪስ ለስልጠና ሊልከኝ ነው፣ ቪዛው ገና በሂደት ላይ ነው። ስልጠናው አርብ ያልቃል፣ በረራዬ ሰኞ ነው፣ እና መሀል ላይ ያሉት ቅዳሜና እሁድ ናቸው ያስጨነቁኝ።

ነገሩ ምን መሰለዎ፣ እኔ ድንጋይ እወጣለሁ። ተራራ አይደለም፣ ገመድም የለውም፣ ቦልደሪንግ የሚሉት ነው፣ ትላልቅ ድንጋዮች ላይ በእጅና በእግር ብቻ መውጣት። ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ እኔና ጓደኞቼ የለመድናቸው ድንጋዮች አሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ውርጩ ሲለቅ አሮጌ ፍራሽ ተሸክመን እንሄዳለን። እረኞቹ «ጭላዳዋ መጣች» እያሉ ይስቁብኛል፣ ለምጄዋለሁ። እና ከፓሪስ በባቡር የሚደረስ ፎንቴንብሎ የሚባል ጫካ አለ፣ ዓለም ላይ ያለ ድንጋይ የሚወጣ ሰው ሁሉ የሚመኘው፣ ይሄን ካወቅኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ችግሩ አክስቴ ናት። ፓሪስ ነው የምትኖረው፣ ከተያየን ዘመን የለውም፣ ገና እመጣለሁ ስላት ቅዳሜና እሁድ የኔ ነሽ ብላ ጨርሳለች። እሁድ ቤተክርስቲያን፣ ከዛ ምሳ፣ ዘመድ ሁሉ ተጠርቷል። ቅዳሜ ደሞ ከተማ ላሳይሽ፣ ሱቅ እንዙር ብላለች። ድንጋይ ልወጣ ነው ብላት «ለዚህ ነው ፈረንሳይ ድረስ የመጣሽው?» ብላ ለእናቴ ትደውላለች፣ እናቴ ደሞ ነገሩን ከመጀመሪያውም አትወደውም። ስልጠናው እስከ ቅዳሜ ተራዘመ ብላትስ? ደሞ ፈረንሳይኛ አልችልም፣ ከስር የሚነጠፈው ፓድ የለኝም፣ ዝናብ ቢመጣስ? በአንድ ቀን ስንት ቦታ መድረስ ይቻላል? ሻንጣዬ ራሱ ከአሁኑ ሞልቷል፣ እናቴ ለአክስቴ ቅቤ፣ በርበሬ፣ ሽሮና ቋንጣ እያዘጋጀች ስለሆነ ጫማዬን የት እንደማስገባው እንጃ። እባክዎ አንድ ነገር ይበሉኝ።

ድንጋይ ያማራት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ

እህት ዓለም፣ መጀመሪያ ውሸቱን እንተወው። ኃጢአት ነው ብዬ ልሰብክሽ አይደለም፣ እሱን የንስሐ አባትሽ ያውቃሉ። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው፣ ስልጠና ላይ ነኝ ብለሽ ጫካ ውስጥ ቁርጭምጭሚትሽ ቢዞር ማን ጋ ነው የምትደውዪው? 112 የሚባለው የአደጋ ጊዜ ስልክ አውሮፓ ውስጥ የትም ይሰራል፣ ግን አምቡላንስ ጠርቶ ሆስፒታል ድረስ አብሮሽ የሚሄድ፣ ቋንቋ የሚችል ሰው ከአክስትሽ ሌላ የለሽም። ስለዚህ ትወቅ፣ ከሆነም አብራሽ ትምጣ።

እንዴት ብለሽ ትነግሪያታለሽ? ድንጋይ ልወጣ ነው ብለሽ አትጀምሪ። ቅዳሜ ፎንቴንብሎ እንሂድ በያት። እዛ ከተማ ውስጥ የፈረንሳይ ነገሥታት ቤተ መንግሥት አለ፣ ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1814 ዙፋኑን የለቀቀው እዛ ነው፣ ዩኔስኮ የመዘገበው ቦታ ነው፣ ከተማ ላሳይሽ ላለች አክስት ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ጫካው ደሞ ከ20,000 ሄክታር በላይ ነው፣ ፓሪሶች ቅዳሜና እሁድ ልጅ ይዘው ምግብ ቋጥረው የሚውሉበት ነው። ድንጋዩ ስር ዳቦና አይብ የሚበሉ አሮጊቶች ስታይ አክስትሽ ራሷ ትረጋጋለች። እሁድን ሙሉ በሙሉ ስጫት፣ አትደራደሪ፣ ዘመድ ተጠርቷል ብለሻል። በዛ ላይ ቅዳሜ ብትጎጂ እንኳ እግርሽን ሰቅለሽ የምትውዪበት አንድ ቀን ከበረራው በፊት ይተርፍሻል።

አሁን ወደ ድንጋዩ። ስንት ቦታ ላልሽው፣ አንድ። ያንን ስምና ይሄን ስም ለማየት ስትሮጪ ቀኑ መንገድ ላይ ያልቃል። በተለይ ኩቪዬ የሚባለው ቦታ ላይ ላ ማሪ ሮዝ የምትባለውን ድንጋይ ካልነካሁ የሚል ነገር ልብሽ ውስጥ ካለ ተይው፣ እ.ኤ.አ. በ1946 ነው የተወጣችው፣ የጫካው የመጀመሪያ 6ኤ (የክብደት ደረጃ ነው) ናት ይባልላታል፣ ታሪኳ ደስ ይላል፣ ግን ከዛ ወዲህ ስንት ጫማ ረግጧት እንደ መስታወት ለስልሳለች፣ ለአንድ ቀን እንግዳ ብስጭት ናት። በባቡር ከሆንሽ እኔ የምልሽ እዛው ጫካ ውስጥ ያለውን ሮሼ ካኖን የሚባል ቦታ ነው። ፓሪስ ውስጥ «ጋር ደ ሊዮን» ከሚባለው ጣቢያ በአር (R) መስመር ባቡር ተሳፍረሽ ቧ ለ ሯ የሚባል ጣቢያ ትወርጃለሽ፣ ግማሽ ሰዓት ትንሽ ፈቀቅ ቢል ነው፣ ከዛ በእግር ይደረሳል፣ ለደብረ ብርሃን ልጅ እግር ምንም አይደለም። ቤተ መንግሥቱ ያለው ቀጥሎ ባለው ጣቢያ ነው፣ አክስትሽ እዛ ቆይታ ከሰዓት ትገናኛላችሁ። ትኬቱ ውድ አይደለም፣ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ በፓሪስ ክልል ውስጥ ከኤርፖርት በቀር ባቡር የትም ሂጂ አንድ ዋጋ ሆኗል። ሰዓቱን ግን አደራ፣ ሰሌዳው ላይ 9 ካለ የእኛ 3 ሰዓት ነው፣ በዚህ ስንቱ ሐበሻ ባቡር አምልጦታል። በጥቅምት መጨረሻ ጀምበር 11 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትገባለች፣ ጫካ ውስጥ ደሞ ከዛም ቀድሞ ይጨልማል፣ ስለዚህ ጠዋት በጊዜ ውጪ።

እዛ ስትደርሺ ድንጋዮቹ ላይ በቀለም የተጻፈ ቁጥርና ቀስት ታያለሽ። ሰርኪት ይሉታል፣ አንድ ቀለም ይዘሽ ከ1 ጀምሮ ቁጥሩን እየተከተልሽ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ትሄጃለሽ። ቢጫው ቀላሉ ነው፣ ከዛ ብርቱካናማ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ እያለ ይከብዳል። በቢጫ ጀምሪ፣ አትናቂው። አንቺ የለመድሽው የኛን ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ጠርዝ አለው፣ ጣትሽን ታስገቢና ትጎትቻለሽ። ያኛው የአሸዋ ድንጋይ ነው፣ አናቱ ክብ ነው፣ የሚያዝ ነገር ትፈልጊያለሽ የለም። መዳፍሽን ዘርግተሽ ትጫኚያለሽ፣ ክብደትሽን እግርሽ ላይ ትጥያለሽ፣ ጫማሽ ያለ ምንም መርገጫ ተዳፋቱ ላይ በሰበቃ ብቻ ይይዛል፣ መጨረሻ ላይ ደሞ አናቱ ላይ በሆድሽ እየተገለበጥሽ ነው የምትወጪው። ስፖርት ቤት ውስጥ ጎበዝ የሆኑ ፈረንጆች እዛ 4 የተባለ ቀላል ደረጃ ላይ ሲያለቅሱ የሚውሉት ለዚህ ነው። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ስለመጣሁ ትንፋሽ ይረዳኛል እንዳትዪም፣ ይሄ የትንፋሽ ጨዋታ አይደለም።

ፓዱን ፎንቴንብሎ ከተማ ውስጥ የሚያከራዩ ሱቆች አሉ፣ አክስትሽ ወይ የሷ ሰው መኪና ካለው በዛ በኩል አልፋችሁ ያዙ። በባቡር ብቻ ከሆነ ግን ተሸክመሽ አትንከራተቺ፣ ዝቅ ዝቅ ያሉትን ብቻ ውጪ፣ ከመውጣትሽ በፊት መውረጃው በየት እንደሆነ ዞረሽ እዪ። ይልቅ ከቤት የምትይዢው አንድ ነገር አለ፣ የምንጣፍ ቁራጭ። እዛ አገር ሁሉም ድንጋዩ ስር ትንሽ ምንጣፍ ያነጥፍና ጫማውን ሳይጠርግ አይነካም፣ ምክንያቱም መሬቱ አሸዋ ነው፣ ሶልሽ ላይ የቀረችው አሸዋ ድንጋዩን እየፈገፈገች ትጨርሰዋለች፣ አንቺንም ታንሸራትትሻለች። የደብረ ብርሃን ልጅ መቼም ምንጣፍ አታጪም። እጅ እንዳያንሸራትት የሚቀባውን ዱቄት ከያዝሽ በራሱ ማሸጊያ ይሁን፣ ነጭ ዱቄት በላስቲክ ቋጥረሽ ኤርፖርት ማስረዳት አልመኝልሽም።

ዝናብ ቢዘንብስ ላልሽው መልሱ አጭር ነው፣ አይወጣም። የአሸዋ ድንጋይ ውሃ ሲጠጣ ይደክማል፣ መያዣው እጅሽ ላይ ተገንጥሎ ይቀራል፣ ስንት ዘመን የኖረ ድንጋይ በአንቺ ቅዳሜ ይበላሻል። አርብ ሌሊት ዘንቦ ጠዋት ላዩ የደረቀ ቢመስልሽም ውስጡ እርጥብ ነው። ያኔ ፓሪስ ውስጥ የቤት ውስጥ ቦልደሪንግ አዳራሽ ሞልቷል፣ ጫማም ያከራያሉ፣ ሁለት ሰዓት ተጫውተሽ ከአክስትሽ ጋር ሱቅ ትዞሪያለሽ፣ እሷም ደስ ይላታል።

ቪዛው ገና ነው ካልሽ ሁለት ነገር ከአሁኑ እዪ። አንደኛ የሚሰጥሽ የቆይታ ቀን ስልጠናውን ብቻ ሳይሆን እስከ ሰኞ ያለውን መሸፈን አለበት፣ የበረራ ቦታ ማስያዣሽን ከማመልከቻው ጋር አያይዢ። ሁለተኛ ለሸንገን ቪዛ የሚጠየቀው የጉዞ ኢንሹራንስ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ነው፣ ግን ብዙዎቹ ውስጥ አደገኛ ስፖርት አይመለከተንም የሚል አንቀጽ ተደብቆ አለ። ከመፈረምሽ በፊት አንብቢው፣ ካለ ጨምረሽ የሚሸፍነውን ጠይቂ።

የሻንጣው ነገር ደሞ በጣም ቀላል ነው፣ ራሱ ይፈታል። አውሮፓ ኅብረት ከውጭ በመንገደኛ ሻንጣ ስጋና የወተት ውጤት አያስገባም፣ ቅቤውና ቋንጣው ጉምሩክ ላይ ይወሰዳሉ፣ ቅጣትም ሊኖረው ይችላል። በርበሬውና ሽሮው ይሂዱ፣ በደንብ ይታሸጉ። በቅቤው ቦታ ጫማሽና ምንጣፍሽ ይገባሉ። ብቻ ለእናትሽ ዛሬውኑ ንገሪያት፣ ቅቤው ሳይነጠር።