1060ን ልቀይር ወይስ ልቆይ?

ወንድሜ፣ «ኢንቪዲያ 1060 ባለ 6 ጊጋ ግራፊክስ ካርዴ አዳዲስ ጌም ላይ ይቆራረጣል፤ ልቀይር?» ላልከው፣ መጀመሪያ ጥፋተኛው ካርዱ መሆኑን አረጋግጥ። ጌሙ እየሄደ ዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ላይ ጂፒዩውን፣ ማለትም ካርዱ ስንት በመቶ እየሠራ እንደሆነ እይ። 98፣ 99 በመቶ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ካርዱ አልቻለም ማለት ነው። 60 አካባቢ እየዋለለ የሚቆራረጥ ከሆነ ግን ፕሮሰሰሩን ወይም ራሙን ጠርጥር። ያኔ ሳታጣራ አዲስ ካርድ መግዛት ብር ማቃጠል ነው።

እኔ እዚሁ ደብረ ብርሃን ተሸውጃለሁ። «በዚህ ብርድ ምን ይሞቃል!» ብዬ ኬዙን ሁለት ዓመት አልከፈትኩትም። ስከፍተው አቧራው ፋኑ ላይ እንደ መንዝ ባና ተደርቧል። በብሩሽ ጠረግኩት፣ ቺፑ ላይ የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ቀየርኩ። ሙቀቱ ከ86 ወደ 71 ዲግሪ ወረደ። ካርድ መግዛቱም ቀረ።

ጌሙ ሴቲንግ ውስጥ ቴክስቸሩን (የምስሉን የገጽታ ጥራት) ደግሞ ከአልትራ ወደ ሚዲየም አውርደው። መቆራረጡ ከጠፋ የካርዱ 6 ጊጋ ሜሞሪ ሞልቶ ነበር ማለት ነው። በሚዲየም ደስ ካለህ ቆይ።

እውነቱን ለመናገር ካርዱ የ2016 ነው። ኢንቪዲያም ለዚያ ትውልድ አዲስ የጌም ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራ ሶፍትዌር) ማውጣቱን በ2025 አቁሟል። ስለዚህ አጽድተኸውም፣ ሴቲንግ ቀንሰህም የምትወደው ጌም በሴኮንድ 30 ፍሬም ካልሞላ ቀይረው። የዚያው የኢንቪዲያ 3060 ባለ 12 ጊጋ ካርድ ካገኘህ ጥሩ ነው፤ ግን 1060 120 ዋት ሲበላ እሱ 170 ስለሚበላ ፓወር ሰፕላይህ መቻሉን እይ። ያገለገለ ከሆነ ሻጩ ፊትህ ግማሽ ሰዓት ጌም ያስኪድበት። እምቢ ካለ ጥለኸው ውጣ። ስታቢላይዘርም አትርሳ፤ መብራቱን ታውቀዋለህ።