ሎሚው ላይ አትርጩ

ልጆቼ፣ ጥቅምት ገብቶ የሐረር ሌሊት መቆንጠጥ ሲጀምር ጓሮ የማጽዳት አባዜ ይይዘናል። ቅጠል ይጠረጋል፣ ቅርንጫፍ ይቆረጣል፣ ሎሚው ላይም መድኃኒት ይረጫል። ዕድሜዬን በግብርና ሥራ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ቢራቢሮ ማርባት ለምትፈልጉ የምመክረው፣ በእነዚህ ወራት እጃችሁን ሰብሰብ አድርጉ ነው።

ጓሯችሁ ሎሚ ወይም ብርቱካን ካለው ቢራቢሮዋን ፍለጋ አትሄዱም። ጥቁር ክንፏ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ያላት ትልቋ፣ በሳይንሳዊ ስሟ ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ፣ ራሷ ትመጣለች። እንቁላሏን አንድ አንድ እያደረገች ቅጠል ላይ ትጥላለች። ትንሹ እጭ የወፍ ኩስ ስለሚመስል ብዙ ሰው ልብ ሳይለው ያልፋል። አድጎ አረንጓዴ ሲሆን ግን ብትነኩት ከራሱ ኋላ ብርቱካናማ ቀንድ የመሰለ ነገር ያወጣል፣ ይሸታልም። አትደንግጡ፣ አይናደፍም። ችግኝን ግን መላጣ ያስቀረዋል፤ ስለዚህ ከችግኙ አንስታችሁ ትልቁ ዛፍ ላይ አኑሩት። ትልቅ ሎሚ ጥቂት ቅጠል ስለተበላበት አይሞትም። ለዚህ ተብሎ መርዝ መርጨት እኔ አይገባኝም። ሎሚውን ጨምቀን የምንጠጣው እኛው አይደለን?

ትዕግስት የሚፈትነው ሙሽሬው ነው፤ እጩ ቢራቢሮ ከመሆኑ በፊት ተሸፍኖ የሚተኛበት ደረጃ ማለት ነው። እጩ ሲጠግብ ራሱን በሐር ክር ከቅርንጫፍ ጋር ያስራል፤ እንደ ቦታውም አረንጓዴ ወይም ቡናማ ይሆናል። በደህናው ጊዜ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ቢራቢሮ ይወጣዋል። ብርዱና ድርቁ ሲመጣ ግን እዚያው ተኝቶ ወራት ሊቆይ ይችላል። እናንተ ወጣቶች እዚህ ላይ ትቸኩላላችሁ። «ብርድ እንዳይመታው» ብላችሁ ምድጃ አጠገብ ታስጠጉታላችሁ። ሙቀቱ አታልሎት ያለጊዜው ቢወጣ ውጭ የሚቀስመው አበባ የለም። ቅርንጫፉ ከተቆረጠ ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው፣ ጉንዳን የማይደርስበት የበረንዳ ጥግ አቁሙት። ዝም አለ ብላችሁም አትጣሉት። ትንንሽ ቀዳዳ ካያችሁበት ግን ሙሽሬውን ከውስጥ በልተው የሚያድጉ ጥገኛ ተርቦች ቀድመዋችኋል፤ ያ የተፈጥሮ ሥራ ነው።

የድሬዳዋ ልጆች በብርድ አትቸገሩም። እናንተ አሸዋው ላይ የሚበቅለውን፣ ሲቆረጥ ወተት የሚያፈሰውን ጦቢያው የሚባለውን ቁጥቋጦ ተመልከቱ። የክንፏ ጫፍ ጥቁርና ነጭ የሆነው ብርቱካናማ ቢራቢሮ የምትጥለው እዚያ ነው። ወተቱ ዓይን ስለሚጎዳ ከነካችሁት በኋላ እጃችሁን ታጠቡ።

ለበጋው አበባ በሶብላ ተክላችሁ ውኃ አጠጡ። የወፍ ቆሎ የሚባለውንም ቁጥቋጦ ቢራቢሮዎች ይወዱታል፤ ግን አደራ፣ አትትከሉት። ከአጥር አልፎ ግጦሹን ይወርራል።