«ስሕተት ተፈጥሯል» ይቅርታ ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ጅማ መርካቶ የሞባይልና የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ አለኝ። ሱቁ ውስጥ የሚሰባሰቡት ልጆች የሊነስ ቴክ ቲፕስ ቪዲዮ ተከታታይ ናቸው። እንግሊዝኛው ለሚከብዳቸው ከሥር አማርኛ የማስገባው እኔ ነኝ። የ2015ቱን የኩባንያውን ጣጣ ስተረጉም «ስህተት ተፈጥሯል፤ ለተፈጠረው ስህተት ይቅርታ እንጠይቃለን» ብዬ ጻፍኩ። ግማሹ «ይሄ ምኑ ይቅርታ ነው?» አለ፤ ግማሹ «ጠየቁ አይደል፣ ከዚህ በላይ ምን ይሁኑ?» አለ። አንዱ ደግሞ «ቅሌት» ያልኩትን «ውዝግብ በል» ብሎ አረመኝ። ልክ ማን ነው?

መልስ፦ ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። ሊነስ ሚዲያ ግሩፕ የካናዳ ኩባንያ ነው፤ የኮምፒውተር ዕቃ የሚገመግምበት ዋናው የዩቲዩብ ቻናሉ ሊነስ ቴክ ቲፕስ ያኔ ከ15 ሚሊዮን በላይ ተከታይ ነበረው። ነሐሴ 8 ቀን 2015 ጌመርስ ኔክሰስ የሚባል ሌላ ቻናል ረጅም ቪዲዮ አውጥቶ ነቀፈው። የፍተሻ ቁጥሮቻችሁ በጥድፊያ ይሳሳታሉ አለ። ቢሌት ላብስ የሚባል ጀማሪ የእንግሊዝ ድርጅት የላከላችሁን የኮምፒውተር ግራፊክስ ካርድ ማቀዝቀዣ ናሙና ላልተሠራለት ካርድ ገጥማችሁ ሞከራችሁ፣ በዚያው አጣጣላችሁት፣ እንመልሳለን ብላችሁ ደግሞ ሐራጅ ላይ አወጣችሁት አለ። ተመልካቹ ለሁለት የተከፈለው ከዚያ በኋላ ነው፤ ልክ እንደ ሱቅህ።

ባለፈው እሑድ እኅቴ ቤት ቡና ላይ ነበርን። የልጅ ልጇ ከረከቦቱ ላይ አንድ ሲኒ ጣለችና «ሲኒው ተሰበረ» አለች። እኅቴ ዘወር እንኳ ሳትል «እግር አውጥቶ ነው?» አለቻት። ልጅቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ «ሰበርኩት፣ እማዬ» አለች። ወሬው እዚያው አለቀ፤ ሁለተኛው ቡና ተቀዳ።

«ተፈጥሯል»ም እንደ «ተሰበረ» ነው። ግሡ ላይ «ተ» ገብታ አድራጊውን ሸሸገችው። ያውም «ፈጠረ» የሚያህል ግሥ! ስሕተቱን እግዜር የፈጠረው ይመስላል። አንድ ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት በስልኬ የሚልክልኝ መልእክት ሁሌ «ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» ይላል። «መጉላላት»ን ልብ በል። የተጉላላሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ይቅርታ የተጠየቀው በእኔ ሥራ ነው። የእነሱ ሥራ «ማጉላላት» ይባላል። በ«መ» እና በ«ማ» መካከል ያለው ልዩነት ግማሽ ቀን ወረፋ ነው። «ስላጉላላንዎ» ቢሉኝ ኖሮ ያለ ጥርጥር ይቅር እላቸው ነበር።

«ተሳሳተ»ም «ተ» አለበት፣ ታዲያ ምን ለየው? ትለኝ ይሆናል። እሷ «ተ» አድራጊውን አትደብቅም፤ «ተሳሳትኩ» ያለ ሰው ራሱን ጠርቷል። ችግሩ ወዲያ ማዶ ነው፦ በማን ላይ እንደተሳሳተ ቃሉ አይናገርም። «ተሳሳትኩህ» አይባልማ። ለዚህ ነው አማርኛችን ሦስት ደረጃ ያስቀመጠው፦ ተሳሳትኩ፣ አጠፋሁ፣ በደልኩህ። መንገድ የሳተ ተሳሳተ ይባላል፤ ክፋት የለበትም። «አጠፋሁ» ያለ ግን መጠንቀቅ ነበረብኝ፣ አልተጠነቀቅሁም እያለ ነው። ሽማግሌ ፊት የቀረበ ሰው «ተሳስቼ ነው» ብሎ አይገላገልም፤ «አጥፍቻለሁ በል» ይባላል። «በደልኩህ» ላይ ስትደርስ በዳይም ተበዳይም አንዲት ቃል ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል።

እንግዲህ የዚያን ኩባንያ ታሪክ በዚህ ሚዛን አስቀምጠው። የተዛባ ቁጥር መለጠፍ ስሕተት ነው፤ ማንም ላይ ይደርሳል። ማቀዝቀዣው የተሠራው 3090 ቲአይ ለሚባለው ካርድ መሆኑ እየታወቀ 4090 በሚባለው ሌላ ካርድ ላይ ሞክሮ፣ ዳግም መሞከር የሠራተኛ ጊዜና ገንዘብ ይበላል ብሎ መተው ጥፋት ነው። የሰው አደራ ሐራጅ ላይ ማውጣት በደል ነው፤ ዕቃው የጀማሪው ድርጅት ዋና ናሙና ነበርና። ያ ሁሉ ተመልካች የተናደደው ሦስቱም በአንድ «ስሕተት» ሲጠቀለሉ ስላየ ይመስለኛል። የተከላከሉትም ሞኞች አልነበሩም፤ እነሱ የሚያዩት የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለው ለሦስተኛው እንጂ ለመጀመሪያው አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ የምወደው ነገር አለ። የኩባንያው መሥራች በመጀመሪያ የጽሑፍ ምላሹ፣ ዕቃውን አልሸጥነውም፣ በመግባባት ጉድለት ለበጎ አድራጎት ሐራጅ ላይ አወጣነው እንጂ የሚል መከራከሪያ አቀረበ። ይህን ወደ አማርኛ መልሰው እስቲ። ሰው የሚለው «በሐራጅ ተሸጠ» ነው፤ ሐራጅ ራሱ የሽያጭ ዓይነት ነው። ክርክሩ በእኛ ቋንቋ ገና ከአፍ ሳይወጣ ይፈርሳል። በዚያው ምላሽ ቢሌት ላብስን ለመካስ ተስማምተናልም ብሏል፤ ድርጅቱ ግን የካሣው ወሬ የደረሰው ከነቀፋው ቪዲዮ በኋላ መሆኑን ተናገረ። «ተስማማ» ከ«ሰማ» የወጣ ነው፤ ሁለት ሰዎች ሲሰማሙ ነው። አንዱ ወገን ገና ካልሰማ «ለመካስ ወስነናል» ብለህ ተርጉም።

አሁን ወደ አንተ ጥፋት ልምጣ (ስሕተት አላልኩም)። ነሐሴ 10 ባወጡት ቪዲዮ ኃላፊዎቹ ተራ በተራ ካሜራ ፊት ቀርበው «እኛ» እያሉ ነው የተናገሩት፤ አዲስ ቪዲዮ ማውጣትም ለሳምንት ያህል አቁመዋል። አንተ «እኛ»ውን ጨፍልቀህ «ተፈጥሯል» ስትል ሰዎቹ ካሉት በታች አደረግሃቸው። እንግሊዝኛውን የሰማ ሰው የተቆጣው በሌላ ነው፦ ቪዲዮው መሐል ስለ ሱቃቸው ዕቃ የተጣለው ቀልድ አንገበገበው። ለቅሶ ቤት ሄዶ ዕቃ እንደማሻሻጥ ሆነበት። እሱን ደግሞ አንተ ቆርጠህ አስቀርተኸው ከሆነ ልጆቹ ምን ይዘው ይፍረዱ? እኔ ብሆን «አጥፍተናል፤ ቢሌት ላብስን በድለናል፤ ይቅርታ እንጠይቃለን» እል ነበር፤ «በድለናል» የሚለውን ግን እነሱ ባሉበት ቦታ ብቻ። ባላሉበት አፋቸው ውስጥ አታስገባ።

«ይቅርታ» ራሱ «ይቅር» ከሚለው ነው፤ ነገሩ ይቅር፣ ይተው ማለት። ጅማ ላይ ይህን ማስረዳት አይከብድም፤ የአፋን ኦሮሞው «ዺፈማ»ም መተው ከሚለው ግሥ ነው የወጣው። ሁለቱም ቃላት የሚተወውን ነገር ይጠይቃሉ። ምኑ ይቅር? ለዚህ መልስ የሌለው ይቅርታ አንዱን ወገንህን ቢያናድደው አይፈረድበትም። «ይቅርታ አደረገ» ደግሞ የተበዳዩ ነው፤ ጠያቂው «ጠየቀ» ነው የሚባለው። ዜና ላይ ሲያቀላቅሉት እሰማለሁ።

«ቅሌት» ወይስ «ውዝግብ»? ያረመህ ልጅ ልክ ነው። ቅሌት ፍርድ ነው፤ አዋርደህ ጨርሰሃል። «ተወዛገበ» ለብቻ አይሆንም፣ ሁለት ወገን ይፈልጋል፤ እዚያም ሁለት ወገን ነበር። ጌመርስ ኔክሰስም ቢሆን ከማውጣቱ በፊት የኩባንያውን ቃል አልጠየቀም ተብሎ ተወቅሷል። በዚያው ሳምንት ስለ ሥራ ቦታ ትንኮሳ የተነሣው ክስም በውጭ መርማሪ ታይቶ አልተረጋገጠም ሲል ኩባንያው በግንቦት 2016 አስታውቋል። ነሐሴ ላይ «ቅሌት» ብለህ ለጥፈህ ከነበረ ግንቦት ላይ ምን ትል ነበር?

አጻጻፉን አልጠየቅኸኝም ግን ልጨምርልህ፦ «ስሕተት» ከግእዙ ስትነሣ በ«ሐ» ቤት ናት። «ህ» ብለህ ብትጽፋት ግን የሚቆጣህ እንደኔ ያለ ጡረተኛ ብቻ ነው።