በሩጫ ብቻ ኮሌጅ ይከፈላል?

እህቴ፣ ቨርጂኒያ የምትማረው የ10ኛ ክፍል ልጅሽ በሩጫዋ ብቻ የኮሌጅ ወጪዋ ይሸፈንላት እንደሆነ ጠይቀሻል። ይቻላል፤ ግን ሙሉ ስኮላርሺፕ የሚያገኙት ጥቂት ናቸው። በሩጫ ስፖርት የኮሌጁ አሰልጣኝ ብዙውን ጊዜ ያለውን ገንዘብ ለብዙ ልጆች ያከፋፍላል። ለአንዷ ግማሽ፣ ለሌላዋ የመጽሐፍ ብቻ ሊደርሳት ይችላል።

ስለዚህ ፋፍሳን (FAFSA፣ የመንግሥት የኮሌጅ ገንዘብ እርዳታ ማመልከቻ ቅጽ) መሙላት እንዳትረሱ። ግሪን ካርድ ያላትም ትሞላለች። የቤተሰቡ ገቢ ዝቅተኛ ከሆነ ፔል ግራንት የሚባለውን የመንግሥት እርዳታ ልታገኝ ትችላለች፤ ብድር ስላልሆነ አይመለስም።

ትምህርቷን ግን አደራ! በዲቪዚዮን 1 (ከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ) ለመወዳደር ኤንሲኤኤ (NCAA፣ የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ማኅበር) 16 ዋና ዋና ኮርሶችና በእነሱ ላይ ቢያንስ 2.3 አማካይ ነጥብ ይጠይቃል። ከ16ቱ 10ሩ 12ኛ ክፍል ከመጀመሯ በፊት ማለቅ አለባቸው። እግሯ ፈጣን የሆነች ልጅ በዚህ ምክንያት ስትቀር በጣም ያሳዝናል። በዚህ ሳምንት የትምህርት ቤቷን ካውንስለር አነጋግሪ።

ዲቪዚዮን 3 የሚባለውን ሌላውን የኮሌጅ ስፖርት ደረጃም አትናቂው። ለስፖርት ብሎ አይከፍልም፤ በትምህርት ውጤትና በቤተሰብ ገቢ የሚሰጠው እርዳታ ግን አንዳንዴ ከሩጫው ገንዘብ ይበልጣል።

አሰልጣኝ እስኪፈልጋት አትጠብቁ። ራሷ ምርጥ ሰዓቷን ጽፋ ኢሜይል ትላክላቸው። የዲቪዚዮን 1 አሰልጣኞች መልስ መስጠት የሚፈቀድላቸው 10ኛ ክፍልን ስትጨርስ፣ ከጁን 15 ጀምሮ ነው። እስከዚያ ዝም ቢሏት ተስፋ እንዳትቆርጥ ንገሪያት።