ድሬ ላይ የሰው ውሻ ሰብስቦ ማንሸራሸር ያዋጣል ወይ ላልከው

አንድ ወንድማችን ባለፈው ሳምንት እንዲህ ብሎ ጠየቀ። «የምኖረው ድሬዳዋ ነው። ከዚራና ሳቢያን ውሻ ያለው ግቢ ብዙ ነው፤ አውጥቶ የሚያንሸራሽረው ግን የለም። የአምስት ስድስት ቤት ውሻ ባንዴ ሰብስቤ በወር እየተከፈለኝ ባንሸራሽር ያዋጣኛል? ስንት ልያዝ? ስንት ላስከፍል?»

ከሥሩ የተሰጠው መልስ አብዛኛው ሳቅ ነው። «ሰው መች ወክ ወጣና ነው ውሻ የሚወጣው አቦ» ያለው ሰው እኔንም አስቆኛል። ጥያቄው ግን የምር ነው። ሥራውን ስለምሠራው ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ያዋጣል። ብቻውን ቤተሰብ ያስተዳድራል አልልህም። ጠዋትና ማታ ሠርተህ ቀኑን ለሌላ ነገር የሚተውልህ ሥራ ነው። የሚያዋጣው ግን እምቢ ማለት ለሚችል ሰው ነው። ሰዓት ትመርጣለህ፣ መንገድ ትመርጣለህ፣ ከሁሉም በላይ ውሻ ትመርጣለህ። የመጣልህን ሁሉ እሺ ካልክ ብዙም ሳትቆይ ወይ ትነከሳለህ ወይ ሰው ታስነክሳለህ።

መጀመሪያ ሰዓቱ። ውሻ እንደኛ በቆዳው አያልብም። ሙቀቱን የሚያስወጣው በዋናነት በማለክለክ ነው። የጤነኛ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 41 ካለፈ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬ 35 ዲግሪ ስትገባ አስፋልቱ ከአየሩ በብዙ ይብሳል። የእጅህን ጀርባ አስፋልት ላይ አስቀምጥ። ሰባት ሰከንድ ካላስቻለህ የውሻውንም መዳፍ ያቃጥለዋል። እኔ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጀምሬ 2 ሰዓት ሳይሞላ ሁሉንም በየቤቱ እመልሳለሁ። ማታ ከ11 ሰዓት ተኩል በፊት አልወጣም፤ ያኔም አፈር ወይም አሸዋ ፈልጌ ነው፣ አስፋልቱ የቀኑን ሙቀት ገና አልለቀቀም። በሙቀቱ ወራት የማታውን ጨርሶ እተወዋለሁ፤ ይህን ደንበኛው ሲዋዋል ያውቃል።

«ከምሳ በኋላ ብታወጣልኝስ?» የሚልህ አይጠፋም። ከምሳ በኋላ ድሬ ራሷ ተኝታለች። ሱቁ ዝግ ነው፣ ሰው ወይ አልጋው ላይ ነው ወይ በርጫ ላይ። ውሻውን ለምን እናስነሳዋለን?

ውሃ በሃይላንድ ያዝ። የሌላውን ሃይላንድ ቂጥ ቆርጠህ መጠጫ ታደርገዋለህ። ውሻው ምላሱ ተጎልጉሎ፣ ምራቁ ወፍሮ፣ መንገዳገድ ከጀመረ ጥላ ሥር አስገብተህ መላ ሰውነቱ ላይ የቧንቧ ውሃ አፍስስበት፣ በካርቶንም ሆነ በጋቢ አናፍሰው፣ ከዚያ ወደ ሐኪም። «ትንሽ ይረፍ» ብለህ ቆመህ አትመልከት።

ከ12 ሰዓት በፊት መውጣትም አልመክርም። ሌሊቱን ከተማ ሲያስስ ያደረ ጅብ ገና እየተመለሰ ሊሆን ይችላል። ጅብ ባለፈበት መንገድ ላይ ውሾቹ ይረበሻሉ፤ አንዱ ይጎትትሃል፣ አንዱ አልሄድም ብሎ ይተኛል። ደግሞም ከሱብሒ ሶላት የሚመለስ ሰው የሚበዛበት ሰዓት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ድሬና ሐረር ላይ ይህን ሥራ የሚያቆመውም የሚያፈርሰውም ጎረቤት ነው። ብዙው ጎረቤታችን ሙስሊም ነው። እኛ አካባቢ በሚከተሉት በሻፊዒ መዝሀብ (የእስልምና ሕግ አተረጓጎም) የውሻ ምራቅና እርጥበቱ ነጃሳ፣ ማለትም ርኩስ ነው። የነካው ነገር ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱ በአፈር ነው። ስለዚህ ውሃ የጠጣ ውሻ ራሱን አራግፎ የአንድ አባት ጀለቢያ ላይ ቢረጭ ቀላል ነገር አይደለም። ሰውየው ቤቱ ተመልሶ ሊታጠብ፣ ልብሱን ሊቀይር ነው፤ ጁምዓ ከሆነ ደግሞ ሶላቱን ልታሳልፍበት ነው። እኔ ሰው ከሩቅ ሳይ ማዶ እሻገራለሁ። መስጊድ በር ላይ ፈጽሞ አላልፍም። ሰላምታውን ግን ከማዶ ሆኜ ጮክ አድርጌ አስቀድማለሁ። መጀመሪያ ፊታቸውን ያዞሩ የነበሩ ሰዎች ዛሬ «ዛሬ አንዱ የት ቀረ?» ብለው ይጠይቁኛል። ካካውን ማንሳት ደግሞ ለድርድር አይቀርብም። ላስቲክና ትንሽ አካፋ ያዝ። አንድ ቀን ሰው በር ላይ ትተህ ከሄድክ በማግስቱ መንገዱ ለአንተ ዝግ ነው።

መንገዱ። ከዚራ ለዚህ ሥራ የተሠራ ይመስላል። ባቡሩ ድሬ በደረሰበት ዘመን ከጣቢያው ጋር አብሮ የተቀየሰ ሰፈር ስለሆነ ጎዳናው ቀጥ ያለና ሰፊ ነው፣ ዛፉም ጥላ ይሰጣል። ቀጥ ማለቱ የሚጠቅምህ፣ የባዘነ ውሻ ወይም የፍየል መንጋ ከሩቅ አይተህ መንገድ ለመቀየር ጊዜ ስለሚሰጥህ ነው። መጋላ በተቃራኒው ኩርባ የበዛበት፣ ሰውና ባጃጅ የሚጋፋበት ነው። እዚያ ውሻ ሰብስበህ አትግባ። ሉካንዳ ያለበትን መንገድም ተወው፤ ጠዋት ጠዋት የሰፈር ውሾች አጥንት ጥበቃ በሩ ላይ ተሰልፈዋል። መሬት ላይ የወደቀ ነገር የሚለቅም ውሻ ካለህ አፉን ጠብቅ። ለባዘኑ ውሾች ተብሎ የሚጣል መርዝ የሰው ውሻን አይለይም።

ከተማውን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ መውረጃ በበጋ ግሩም ነው። አሸዋው ለመዳፍ ይመቻል፣ ሰፊ ነው። ብርጭቆና ቆሻሻ ያለበትን እየዘለልክ ነው ታዲያ። በክረምት ግን አትግባበት። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ወደ ደንገጎ በኩል ያለው ደጋ ላይ የዘነበው ዝናብ በድንገት ይደርሳል። በ1998 ክረምት ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ይዞ ሄዷል። አራት ውሻ በእጁ የያዘ ሰው ሮጦ ዳር አይወጣም።

አሁን ወደ ውሾቹ። የእኛ ከተማ ውሻ አብዛኛው የግቢ ጠባቂ ነው። ቀን በሰንሰለት ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል። የውጭውን ዓለም የሚያውቀው በበሩ ሥር በሚያየው እግር ነው። ባለቤቱ መጀመሪያ የሚጠይቅህም «አይለሰልስብኝም ወይ?» ብሎ ነው። እኔ የምመልሰው ያየሁትን ነው። ታስሮ የዋለ ውሻ ለሁሉም ይጮኻል፤ ለባጃጅ፣ ለድመት፣ ለነፋስ። ቤተሰቡም ጩኸቱን መስማት ያቆማል። ወጥቶ የገባ ውሻ ቀን ይተኛል፣ ማታ ሲጮህ ሰው ይነሳለታል።

ከባለቤቱ በላይ ዘበኛውን ያዝ። ውሻውን የሚያበላው፣ የሚያስረው፣ የሚፈታው እሱ ነው። እንጀራዬን ሊቀማ መጣ ብሎ ካሰበ አበቃልህ፣ ጠዋት በር ስታንኳኳ ትውላለህ። ከወር ክፍያዬ ትንሽ ነገር ለዘበኛው አደርሳለሁ። ጉቦ እንዳይመስልህ፣ ሥራ ይሠራልኛል። «ሌሊት ሲያስመልሰው አደረ» ብሎ የሚነግረኝ እሱ እንጂ ባለቤቱ አይደለም። የፋሲካ ማግስት በተለይ ይህን ጠይቅ። በየቤቱ የዶሮ አጥንት ተሰጥቷቸው ሆዳቸው የተበላሸ ውሾች ናቸው የሚጠብቁህ።

ሌላው ዘበኛው የሚጠቅምህ በርክክቡ ነው። የሰበሰብካቸውን ውሾች ይዘህ የማንም በር ላይ አትቁም። ውሻ በሩ ላይ ሲሆን ሌላ ፍጥረት ነው፤ መንገድ ላይ ወዳጁ የነበረውን እዚያ ይነክሰዋል። ዘበኛው ውሻውን እስከ መታጠፊያው ድረስ ያመጣልኛል፣ ስመልስም እዚያው ይቀበለኛል።

አዲስ ውሻ መጀመሪያ ብቻውን ይወጣል። አንተን ይልመድ፣ ገመድ ይልመድ፣ የባጃጅ ጥሩምባ ይልመድ። ከዚያ ካሉህ ውሾች ረጋ ያለውን አንዱን ትመርጥና ሌላ ሰው ይዞልህ በጎዳናው ግራና ቀኝ ጎን ለጎን ትሄዳላችሁ። በመካከላችሁ ያለውን ርቀት ቀስ በቀስ ትቀንሰዋለህ። ፊት ለፊት አፍንጫ ለአፍንጫ ማገናኘት ጠብ መጥራት ነው። አፉን ገጥሞ፣ ሰውነቱን አድርቆ ካፈጠጠ፣ ማጉረምረሙን ሳትጠብቅ አዙረህ ውሰደው። ጠብ ከተነሳ እጅህን መሃል አታስገባ። ውሃ ድፋባቸው፤ ሁለት ሰው ካላችሁ የኋላ እግራቸውን ይዛችሁ ወደኋላ ሳቡ። ብስኩትም ሆነ አጥንት በስብስብ መሃል አታውጣ።

የማልቀበላቸው እነዚህ ናቸው። ሰው ነክሶ የሚያውቅ። ክትባቱ ያልተሟላ ቡችላ፣ ፓርቮ የሚባል ተላላፊ የውሻ በሽታ ስላለ። መዥገር የወረረው፣ እስኪታከም ድረስ። የፈረንጅ ዝርያ ሆነው አፍንጫቸው ደፍጠጥ ያለ፣ በሙቀቱ ወራት። ሴት ውሻ ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ ገደማ ወንድ ትፈልጋለች፤ ሦስት ሳምንት ያህል ይቆያል። በዚያ ጊዜ ቤቷ ትቀመጥ። አንድ ደንበኛ ደብቆ ሰጥቶኝ የሰፈሩ ወንድ ውሻ ሁሉ ተከትሎኝ ያውቃል፤ ከዚያ ቤት ጋር ተለያይተናል።

ስንት ልያዝ ላልከው፣ ብቻህን ከሆንክ አራት። ረዳት ካለህ ስድስት። አንድ ሰው ደርዘን ውሻ ይዞ የሚሄድበትን የፈረንጅ ፎቶ አይተህ ይሆናል። ሥራው የቆየበት ሳን ፍራንሲስኮ እንኳ 4 እና ከዚያ በላይ ውሻ በክፍያ የሚያንሸራሽር ሰው ፈቃድ ማውጣት አለበት፣ ጣሪያውም 8 ነው። እነሱ ያን የሚያደርጉት ከሰው ጋር ባደገ ውሻ፣ በፓርክ ውስጥ ነው። አንተ ከሰንሰለት የተፈታ ጠባቂ ይዘህ ባጃጅ መሃል ነህ።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካርድ ሳላይ ማንንም አልይዝም። በየዓመቱ መታደሱንም አያለሁ። አንተ ወይም ሌላ ሰው ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠብ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ተቋም። የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ጸበሉንም የባህል መድኃኒቱንም አልነካም፣ ግን ክትባቱን አይተኩም። የነከሰውን ውሻ ሰፈሩ ወዲያው ልግደል ይላል። አይገደል፤ ታስሮ 10 ቀን ይታይ። ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ለተነከሰው ሰው ትልቅ እፎይታ ነው።

ሕጉን ብዙ ሰው አያውቀውም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው አምልጦ እንኳ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ደግሞ እንስሳውን ተረክቦ በእጁ የያዘውን ሰው ይጨምራል። ያ ሰው አንተ ነህ። ስለዚህ ከባለቤቱ ጋር አንድ ገጽ ውል ጻፍ። የውሻው ጠባይ፣ ክትባቱ፣ የሕክምና ወጪ የማን እንደሆነ፣ ባለቤቱ ከተማ ውስጥ ከሌለ ማን እንደሚወስን። ሐምሌና ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ሲደርስ ይህ የመጨረሻው ነገር ይጠቅምሃል፤ ግማሹ ባለቤት ስልኩ አይነሳም።

ዋጋ። ቁጥር አልጽፍልህም፣ ዛሬ የምጽፈው ከጥቂት ወር በኋላ ያስቅሃል። ስሌቱን ልንገርህ። የሰፈርህ ዘበኛ በወር የሚከፈለውን ጠይቅ። አራት ውሻ ይዘህ ከዚያ በታች የምታገኝ ከሆነ ሥራው አያዋጣህም። በወር አስከፍል፣ ቀድመህ ተቀበል። ከአንድ ግቢ ሁለተኛው ውሻ በግማሽ ይሁን፣ መንገዱን አንዴ ነው የምትሄደው። ሩቅ ያለ አንድ ደንበኛ የተሻለ ቢከፍል እንኳ ባጃጅ ኮንትራት ይበላዋል፤ አንድ ጎዳና ላይ ያሉ አራት ቤቶች ይሻሉሃል። ጳጉሜን የምታስከፍል እንደሆነም ከአሁኑ ተናገር። አታስቁብኝ፣ ሰው በአምስት ቀን ተጣልቶ ያውቃል።

ሐረር ላይ መሥራት የምትፈልጉ፣ ጀጎል ውስጥ አልመክርም። መንገዱ ሁለት ሰው በቅጡ አያሳልፍም፣ ጅቡም እዚያ ባለአገር ነው። ከግንቡ ውጭ ያለው አዲሱ ከተማ፣ ፀሐይ ሞቅ ካለች በኋላ፣ ይሻላል። ሐረር ከድሬ ስለምትቀዘቅዝ የሰዓቱ ጣጣ ያን ያህል አያስጨንቃችሁም።

በመጨረሻ፣ ለውሻ የትኛው የአፍ መዝጊያ ይሻላል ብላ የጠየቀችው እህት፦ ጨርቁን ወይም አፉን ጥርቅም አድርጎ የሚያስረውን አይግዙ። ውሻው ማለክለክ ካልቻለ በድሬ ሙቀት ቶሎ ይወድቃል። እንደ ቅርጫት ያለውን፣ ውስጡ አፉን ከፍቶ ውሃ መጠጣት የሚችልበትን ይያዙ። ገበያ ካጡት ጫማ ሰፊ በቆዳ ይሠራልዎታል፤ የአፉን ርዝመትና ዙሪያውን ለክተው ይውሰዱለት፣ ሲለኩ ደግሞ እያለከለከ ይሁን።