ላፕቶፕና ነጻ ሶፍትዌር ይዞ ወደ ናኖፎቶኒክስ

ጥያቄው ባጭሩ፦ «በፊዚክስ ማስተርሴን ጨርሻለሁ፤ ቴሲሴ ቲዎሪ ነበር። ብርሃን በናኖሜትር በሚለኩ ስትራክቸሮች ውስጥ ምን እንደሚሆን በሲሙሌሽን ማጥናት እፈልጋለሁ። ያለኝ 8 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ነው፤ ላይሰንስ የመግዛት አቅም የለኝም። ለፒኤችዲም ለሥራም የሚያዋጣኝ የትኛው ሶፍትዌር ነው?»

ሰላም እህታችን። ስለ ሶፍትዌሩ ብዙ አትጨነቂ፤ ሚፕ ይበቃሻል። ኤምአይቲ ውስጥ የተሠራ፣ ነጻ፣ በፓይተን የሚታዘዝ ነው። ዊንዶውስ ላይ በቀጥታ ስለማይጫን መጀመሪያ ዊንዶውስ ውስጥ ሊነክስን የሚያስኬደውን ደብሊውኤስኤልን ከኡቡንቱ ጋር ጫኚ፤ ከዚያ ኮንዳ ፎርጅ ከሚባለው ነጻ የሶፍትዌር ማከማቻ ፓይሚፕ የሚባለውን ጥቅል አውርጂ። ሚፕ የሚያሰላበት ዘዴ ኤፍዲቲዲ ይባላል፤ መሠረቱ ኬን ዪ እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳተመው ሐሳብ ነው። ቦታው በጥቃቅን ኩቦች ይከፋፈላል፣ የኤሌክትሪክና የማግኔት ፊልዶቹ በግማሽ ኩብ ተዛንፈው ይቀመጣሉ፣ የማክስዌል ኢኩዌሽኖች በጊዜ እርምጃ በእርምጃ ይሰላሉ። በሥራ ማስታወቂያ ላይ ሉሜሪካልና ኮምሶል የሚባሉት በላይሰንስ የሚሸጡ ሶፍትዌሮች ተጽፈው ታያለሽ። ዘዴው ከገባሽ እነሱን መልመድ የጥቂት ሳምንት ጉዳይ ነው።

ቃለ መጠይቅ ላይ ብዙዎችን የሚጥለው «ይህ ቁጥር ትክክል መሆኑን በምን አወቅሽ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ስለዚህ መልሱ አስቀድሞ ከሚታወቅ ነገር ጀምሪ፦ በአንድ ዳይሜንሽን፣ አንዱ ወገን አየር፣ ሌላው ሪፍራክቲቭ ኢንዴክሱ (ብርሃንን በስንት እጥፍ እንደሚያዘገይ የሚነግረው ቁጥር) 1.5 የሆነ መስታወት። ቀጥ ብሎ ከሚያርፈው ብርሃን ስንት ይመለሳል? 0.5ን ለ2.5 አካፍለሽ ውጤቱን በራሱ ስታባዢው 0.04፤ ማለትም 4 በመቶ።

ሚፕ ውስጥ ይህን ሁለት ጊዜ ታስኬጃለሽ፤ መጀመሪያ ያለ መስታወት፣ ቀጥሎ ከመስታወት ጋር። የሚያልፈውን የብርሃን ኃይል የሚለካው ሞኒተር በብርሃን ምንጩና በመስታወቱ መካከል ይቀመጣል። የመጀመሪያውን ፊልድ ከሁለተኛው ካልቀነስሽ የሚወጣው 0.96 ነው፤ ሞኒተሩ የሄደውንና የተመለሰውን አቻችሎ ነውና የሚነግርሽ። ከቀነስሽ በኋላ -0.04 ታገኛለሽ። ማይነሱ የመጣው ብርሃኑ ወደ ኋላ ስለሚጓዝ ነው፤ አትደንግጪ። ግሪዱን፣ ማለትም የኩቦቹን ጥግግት፣ በማይክሮሜትር 10፣ 20፣ 40፣ 80 ነጥብ እያደረግሽ ድገሚው። ቁጥሩ ወደ 0.04 እየተጠጋ ካልሄደ ሁለት ነገር ፈትሺ። አንደኛ፣ ዳር ላይ ብርሃን የሚውጠው ፒኤምኤል ውፍረቱ ቢያንስ የረጅሙ የሞገድ ርዝመት ግማሽ ይሁን፤ መስታወቱም ፒኤምኤሉን ሰንጥቆ እስከ መጨረሻው ይድረስ፤ ቀድሞ ካቆመ እንዳልተጠራ እንግዳ ሁለተኛ ነጸብራቅ ይመጣብሻል። ሁለተኛ፣ ፐልሱ ሞኒተሩን አልፎ ሳይጨርስ ሥሌቱን አቁመሽ ይሆናል።

የአሃዱም ነገር አለ። ሚፕ ኸርዝ አያውቅም፤ የብርሃን ፍጥነት 1 ነው። አንዱን አሃድ 1 ማይክሮሜትር ካልሽው የ1.55 ማይክሮሜትር ብርሃን ድግግሞሽ 1 ለ1.55፣ ማለትም 0.645 ነው። 193 ቴራኸርዝ ብሎ ዜሮ መደርደር የለም።

ቀጥሎ ኢንዱስትሪው ዕለት ተዕለት የሚሠራበትን ውሰጂ፦ ወርዱ 500፣ ውፍረቱ 220 ናኖሜትር የሆነ፣ በሲሊካ የተከበበ የሲሊከን ዌቭጋይድ፣ ማለትም ብርሃን የሚመራ ቀጭን መስመር። ከሚፕ ጋር የሚሄደው ኤምፒቢ የሚባል ሶፍትዌር በ1.55 ማይክሮሜትር ለዋናው ሞድ (ብርሃኑ ቅርጹን ሳይቀይር ለሚጓዝበት ዋና መልክ) ወደ 2.44 የሚጠጋ ኢፌክቲቭ ኢንዴክስ (የሞገዱ ፌዝ በስንት እጥፍ እንደሚዘገይ)፣ ወደ 4.2 የሚጠጋ ግሩፕ ኢንዴክስ (ፐልሱ በስንት እጥፍ እንደሚዘገይ) ሊሰጥሽ ይገባል። ከዚህ ብዙ ከራቀ የሲሊከኑን ሪፍራክቲቭ ኢንዴክስ 3.48 ወይም የሲሊካውን 1.44 አሳስተሽ አስገብተሽ ሊሆን ይችላል።

ወደ ሦስት ዳይሜንሽን ስትሄጂ ራሙን አስቀድመሽ ገምቺ። 6 በ4 በ3 ማይክሮሜትር ሳጥን በ20 ናኖሜትር ግሪድ 9 ሚሊዮን ኩብ ነው። ስድስቱ ፊልዶች በየኩቡ 48 ባይት ይወስዳሉ፤ ይህ ብቻ 430 ሜጋ ገደማ ሲሆን፣ የማቴሪያሉና የፒኤምኤሉ ሲጨመር ከጊጋ ሊያልፍ ይችላል። ግሪዱን ወደ 10 ናኖሜትር ብታወርጂው ራሙ 8 እጥፍ፣ ጊዜው 16 እጥፍ ይሆናል፤ የጊዜ እርምጃውም አብሮ በግማሽ ስለሚያጥር። ላፕቶፕሽ እዚህ ላይ ይቆማል። ስትራክቸሩ ሁለት የሚረር ሲሜትሪ ካለው፣ ማለትም በሁለት አቅጣጫ ለሁለት ሲከፈል ግማሾቹ የመስታወት ምስል ከሆኑ፣ ተጠቀሚበት፤ ሸክሙ ወደ ሩብ ይወርዳል። ብቻ የሲሜትሪው ምልክት፣ +1 ይሁን -1፣ ከምንጩ ጋር ካልተስማማ ፊልዱ ዜሮ ይሆንብሻል።

ወርቅና ብር ለኋላ ይቆዩ። የወርቅን አሉታዊ ፐርሚቲቪቲ (ለኤሌክትሪክ ፊልድ የሚሰጠውን ምላሽ የሚለካ ቁጥር) እንደ ቋሚ ቁጥር ብታስገቢ ሥሌቱ ይፈነዳል፤ ቁጥሩ ከድግግሞሽ ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚገልጸው የድሩድ-ሎሬንትዝ ሞዴል ያስፈልጋል፣ ግሪዱም በብረቱ ዙሪያ እስከ 1 ወይም 2 ናኖሜትር መውረድ አለበት። ኪው (ብርሃንን ምን ያህል ይዞ እንደሚያቆይ የሚለካ ቁጥር) 100,000 የሆነ ካቪቲ፣ ማለትም ብርሃን ማጠራቀሚያ ስትራክቸርም፣ ትዕግሥት ይፈታተናል፦ ብርሃኑ ውስጡ 80 ፒኮሰከንድ ገደማ ስለሚቆይ በ20 ናኖሜትር ግሪድ ያን ብቻ መከታተል ወደ 2.5 ሚሊዮን እርምጃ ነው። ሃርሚንቭ የሚባለው መሣሪያ ግን ከአጭር ሲግናል ኪውውን ያወጣዋል።

ብዙ ፓራሜተር የምትቀያይሪበት ሥራ ከሆነ እያንዳንዱ ውጤት እንዳለቀ ወዲያው ፋይል ላይ ይጻፍ። መብራት ሄዶ የሌሊቱ ሥራ ሁሉ ከንቱ የሚቀረው መጨረሻ ላይ ብቻ ስለሚቀመጥ ነው።

ሲቪሽ ላይ አምስት ሶፍትዌር ከምትደረድሪ የመስታወቱንና የዌቭጋይዱን ሁለት ሥራዎች ጊትሃብ ላይ አስቀምጪ፤ ግሪዱ ሲጠብ ውጤቱ እንዴት እንደረጋ የሚያሳይ ግራፍ፣ የወሰደውን ጊዜና ራም ጨምረሽ። ጣሊያን ትሪየስቴ ያለው አይሲቲፒ የሚባለው ዓለም አቀፍ የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል በየዓመቱ የሚያካሂደውን የኦፕቲክስ ዊንተር ኮሌጅ ተከታተዪ። ለፒኤችዲ የቤልጂየሙን የጌንት ዩኒቨርሲቲና የጀርመኑን የየና ዩኒቨርሲቲ ዝርዝርሽ ውስጥ አስገቢ። ለፕሮፌሰር ስትጽፊ ከራሱ ጽሑፍ አንድ ግራፍ መርጠሽ በሚፕ ደግመሽ ሥሪና ሁለቱን ጎን ለጎን አያይዢ። ካልገጠመ የት እንደተለያየና ምን እንደምትጠረጥሪ በሁለት መስመር ጻፊ፤ ኢሜይሉ ከአምስት ስድስት መስመር አይለፍ።